ፊዴዋችሁ ገንፎ እንዳይሆን፦ የጋንዲያን የባሕር ፓስታ ቤት ውስጥ ለመሥራት

ስፔን ደርሰው የመጡ ወዳጆቼ አንድ ዓይነት መልእክት ይልኩልኛል። መጀመሪያ ፎቶ ይመጣል። መጥበሻ ላይ የተቆለለ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ ፓስታ፤ ከላዩ አራት ሽሪምፕ እንደ ጌጥ ተሰክቶበታል። ከሥሩ «እዚያ የበላሁት እንዲህ አልነበረም፤ ምን አጥፍቼ ነው?» የሚል ጥያቄ አለ።

ለሁሉም በየተራ መመለስ ስለሰለቸኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ፊዴዋ የጋንዲያ ምግብ ነው። ጋንዲያ ከቫሌንሲያ ከተማ በስተደቡብ በሜዲትራኒያን ዳር ያለች ከተማ ስትሆን፣ ምግቡ የመጣው ግራው ከሚባለው የወደብ ሰፈሯ፣ ከዓሣ አጥማጆች ጀልባ ነው። ፓኤላ በሚባለው የስፔን ምግብ ውስጥ በሚገባው ሩዝ ፈንታ አጭር ፓስታ ገባበት፤ አሠራሩ ግን ያው የፓኤላ ሆኖ ቀረ። ታሪኩ ይብቃን።

ልብ በሉ፦ ፎቶ ከላኩልኝ ሰዎች አብዛኞቹ ፊዴዋቸውን ያበላሹት ፓስታው መጥበሻው ውስጥ ሳይገባ ነው። መጥበሻው ጠባብ ነበር፣ መረቁ ቀጭን ነበር፣ ወይም ፓፕሪካው አርሮ ነበር። የቀሩት ደግሞ እጃቸው አላርፍ ብሎ አማስለውታል። ስለዚህ ዝግጅቱ ላይ አትቸኩሉ። ከገበያ ስትመለሱ ሁለት ሰዓት ያህል ይኑራችሁ፤ ምድጃው ላይ ያለው ዋናው ሥራ 40 ደቂቃ አይሞላም።

ደረጃ 1፦ መጥበሻውን አዘጋጁ

ፓኤላ ሲባል ብዙዎቻችን ሩዙ ይመስለናል። በቫሌንሲያ ቋንቋ ቃሉ መጀመሪያ የመጥበሻው ስም ነው፤ ሰፊ፣ ዝርግ፣ ጠርዙ አጭር፣ ሁለት ጆሮ ያለው መጥበሻ። ፊዴዋም የሚሠራው በዚሁ ነው።

ለ4 ሰው 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ያስፈልጋል። ለ2 ሰው 30 ይበቃል። መለኪያው ቀላል ነው፤ ደረቁን ፓስታ ዘርጉት። ውፍረቱ ከአንድ ጣት ከበለጠ መጥበሻው ጠብቧል።

ድስት አይሆንም። ድስት ውስጥ መረቁ ቶሎ አይተንም፣ ከታች ያለው ፓስታ ላሽቆ ከላይ ያለው ጥሬ ይቀራል፣ ከዚያ «ትንሽ ላማስለው» ይመጣና ገንፎው ይጀመራል። ፓኤላ ከሌላችሁ ቤት ካለው መጥበሻ ሁሉ ሰፊውን ውሰዱ። እሱም ካልበቃ ሁለት መጥበሻ ላይ ክፈሉት። የማይዝ መጥበሻም ይሠራል፤ ከሥር የምትፈጠረዋን ቅርፊት ግን እምብዛም አይሰጣችሁም። (አንዲት ወዳጄ «የእንጀራ ምጣድስ?» ብላኛለች። ስፋቱስ አንደኛ ነበር፤ መረቁን የሚይዝ ጠርዝ ከየት ይምጣ!)

አሁን የውሃ ሙከራ። ይህችን ማንም አያደርጋትም፤ ብዙ ጣጣ የምታስቀረው ግን እሷ ናት።

1. መጥበሻውን ምድጃው ላይ አድርጉና 1 ሊትር ውሃ ጨምሩበት።
2. ከአንድ ወገን ጠልቆ ከሌላው ወገን ከሳሳ ምድጃችሁ አዘንብሏል። እግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን አድርጉና አስተካክሉት።
3. እሳቱን ለኩሱና ውሃው እስኪፈላ ጠብቁ። አረፋው የት የት እንደሚወጣ አስተውሉ። እሳታችሁ ያለው እዚያ ነው።
4. አረፋው መሐል ላይ ብቻ ከሆነ፣ ምግቡ ሲበስል መጥበሻውን እያንቀሳቀሳችሁ ጠርዙንም በየተራ እሳቱ ላይ ማምጣት አለባችሁ።

የኤሌክትሪክ ምድጃ ያላችሁ ሁሉ ይህን አትዝለሉ። የምድጃው ክብ 20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ መጥበሻው 40 ከሆነ፣ ጠርዙ ላይ ያለው ፓስታ በራሱ ጊዜ አይበስልላችሁም።

ደረጃ 2፦ ትክክለኛውን ፓስታ ግዙ

ስፔን ውስጥ ፓኬቱ ላይ «ፊዴዋ» ተብሎ የተጻፈበት ይሸጣል። አጭር፣ ወፈር ያለ፣ ትንሽ የጎበጠ ነው፤ መሐሉ በቀጭኑ የተቦረቦረ ነው። መረቁ በዚያች ቀዳዳ ይገባል።

እሱን ካጣችሁ ከማካሮኒ ዘር በጣም ትንሹን፣ እንደ ታጠፈ ክንድ የጎበጠውን ፈልጉ። ጣዕሙ ይቀርባል።

ስፓጌቲ ሰባብራችሁ አታስገቡ። እኔ አድርጌዋለሁ። ስብርባሪው ጎን ለጎን ተኝቶ እንደ ክብሪት እንጨት ተጣበቀ፤ እንግዶቼ በቢላ እየቆረጡ በሉት።

አረብ አገር ያላችሁ ሻዕሪያ የሚባለውን ቀጭኑን በየሱቁ ታገኛላችሁ። በእሱም ይሠራል፤ ግን አሠራሩ ይለያል። መጀመሪያ በዘይት የለውዝ ቀለም እስኪይዝ ይጠበሳል፣ መረቁ ለ400 ግራም ወደ 1 ሊትር ይወርዳል፣ የሚበስለውም በ6 ወይም 7 ደቂቃ ነው። የጋንዲያው ወፍራሙ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ልክ ሁሉ ለእሱ ነው።

ፓስታውን አትጠቡት። በውሃም ቀድማችሁ አትቀቅሉት። ቀድሞ ውሃ የጠጣ ፓስታ መረቅ አይጠጣም።

ደረጃ 3፦ ግብይት (ለ4 ሰው)

ለመጥበሻው፦

• 400 ግራም ፓስታ
• 8 ትልልቅ ሽሪምፕ፣ ከነጭንቅላታቸው
• 4 ሲጋላ (ሽሪምፕ መሰል፣ ቀጭን ረጅም ክንድ ያላቸው፣ ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ ሮዝ መልክ ያላቸው፤ ከጠፉ ሽሪምፑን ጨምሩ)
• 250 ግራም ራፔ (ጭንቅላቱ ከሰውነቱ የሚተልቅ፣ መልከ ጥፉ ዓሣ፤ ሥጋው ግን ጠንካራ ስለሆነ አይፈራርስም)
• 2 በደንብ የበሰሉ ቲማቲሞች
• 2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት
• 1 የሻይ ማንኪያ የማያቃጥል ፓፕሪካ
• አንድ ቁንጥር ሳፍሮን
• 100 ሚሊ ሊትር የወይራ ዘይት
• ጨው

ለመረቁ፦

• 1 ኪሎ ትንንሽ ርካሽ ዓሣ፣ ወይም የዓሣ ጭንቅላትና አጥንት
• አንድ ተጨማሪ እፍኝ ትንንሽ ሽሪምፕ ወይም ሸርጣን
• 1 ቀይ ሽንኩርት፣ 1 ቲማቲም፣ 2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት
• 2 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ

እዚያ አገር ዓሣ ሻጩ ዘንድ ሄዳችሁ «ሞራያ» በሉ። ለመረቅ ብቻ የሚሸጥ የተቀላቀለ ትንንሽ ዓሣ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፤ የፊዴዋውን ጣዕም የሚሸከመው ግን እሱ ነው። ሰው ለሽሪምፑ ብሩን ከፍሎ በመረቁ ሲቆጥብ ሳይ ያናድደኛል።

ስለ ቅመሙ ሁለት ነገር። በፓፕሪካ ፈንታ በርበሬ አታስገቡ። በርበሬያችን ኮረሪማውና ነጭ አዝሙዱ አብሮት አለ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ከገባ ዓሣውን ውጦ ወጥ ያደርገዋል። ቤታችሁ ያለው ያልተቀመመ ድልህ ከሆነም የሚያቃጥል ስለሆነ ይቅር። እርድም ሳፍሮን አይደለም። ቀለሙ ይመሳሰላል፣ ጣዕሙ ግን መሬት መሬት ይላል። ሳፍሮን ከተወደደባችሁ ያለሱ ሥሩት። ስፔኖቹ ራሳቸው ብዙ ጊዜ በፓኬት የሚሸጥ ቢጫ ቀለም ነው የሚጨምሩት።

ሽሪምፑ በረዶ የሠራ ከሆነ ማታ ፍሪጅ ውስጥ አውርዱት። በሞቀ ውሃ አታሟሙት፤ ሥጋው ይላሽቃል። ሊጠበስ ሲል በወረቀት ፎጣ በደንብ ይድረቅ።

ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ለማትበሉ

ብዙዎቻችን ሽሪምፕም ሸርጣንም አንበላም። ራፔም ቅርፊት የለውም። ይህ ምግቡን ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ራፔውን በሜርሉሳ ወይም በዶራዳ ተኩት፤ ሁለቱም የስፔን ገበያ የሞላቸው፣ ክንፍና ቅርፊት ያላቸው ናቸው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ሐሙርን ውሰዱ። 500 ግራም ሥጋ ለመጥበሻው፣ ጭንቅላቱና አጥንቱ ለመረቁ። መረቁ የሽሪምፕ ጣፋጭነት ስለሚጎድለው ቀይ ሽንኩርቱን 2 አድርጉትና ቡናማ እስኪሆን ጥበሱት። እነዚህ ዓሣዎች ከራፔ ይልቅ ቶሎ ስለሚፈራርሱ፣ ጠብሳችሁ አውጧቸውና መጨረሻ 3 ደቂቃ ላይ ብቻ መልሷቸው።

አዲስ አበባ ሆናችሁ በቆሮሶ ልትሠሩ ላሰባችሁ፦ ይሠራል፣ ይበላል። የሐይቅ ዓሣ ግን የባሕር ጣዕም አይሰጥም፤ ስለዚህ ጭንቅላቱንና አጥንቱን በእጥፍ አድርጉት።

ደረጃ 4፦ መረቁን አውጡ

1. የሽሪምፖቹን ጭንቅላትና ልጣጭ ለዩ። ለጌጥ የሚሆኑ 4 ሽሪምፖችን ግን ከነሙሉ አካላቸው አስቀምጡ።
2. የዓሣውን ጭንቅላት ክፈቱና በጉንጩ ክዳን ሥር ያለውን ቀይ መተንፈሻ በመቀስ ቆርጣችሁ ጣሉ። ደሙን በቀዝቃዛ ውሃ አጥሩ። መረቅን የሚያመርረውና የሚያከረፋው ይህ ነው።
3. ድስት ውስጥ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አግሉ። የሽሪምፑን ጭንቅላትና ልጣጭ፣ ትንንሾቹንም ሸርጣኖች ጥበሱ። ቀይ ሆነው ሽታቸው ቤቱን ሲሞላ ጭንቅላቶቹን በእንጨት ማንኪያ ጫን ጫን አድርጉ። ብርቱካንማ ጭማቂ ይወጣል። ዘይቱ በእሱ ይቀላል።
4. የተከተፈውን ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም ጨምሩ። 5 ደቂቃ ያህል አቁላሉ።
5. ዓሣውንና አጥንቱን አግቡ፤ 2 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩበት።
6. ሊፈላ ሲል እሳቱን ቀንሱ። ከላይ የሚወጣውን ግራጫ አረፋ በማንኪያ ግፈፉ። አረፋው እስኪያልቅ ከአጠገቡ አትሂዱ።
7. ከዚያ 25 ደቂቃ በዝግታ ይንተክተክ። የዓሣ መረቅ እንደ በሬ አጥንት ቀኑን ሙሉ አይጣድም። ከ30 ደቂቃ ካለፈ አጥንቱ መምረር ይጀምራል።
8. በወንፊት አጥሩት። ዝቃጩን በማንኪያ ተጫኑት፤ አትፍጩት ግን።

1.5 ሊትር ገደማ ሊተርፋችሁ ይገባል። ካነሰ ውሃ ሙሉበት። ከበዛ ክፍት አድርጋችሁ አፍሉትና ይቀንስ።

አሁን ጨው። ቅመሱት። ሾርባ ብላችሁ ብትጠጡት «ጨውዋ ትንሽ በዝታለች» የምትሉት ልክ ላይ አድርሱት። ፓስታው ራሱ ጨው የለውም፤ ከመረቁ ጨው ላይ ይካፈላል። ይህ የመጨረሻው የማጣፈጫ ዕድላችሁ ነው፤ በኋላ ደረቅ ፓስታ ላይ ጨው ብትነሰንሱ አንዱ ጉርሻ ጨው፣ አንዱ ጉርሻ ባዶ ይሆናል።

ሳፍሮኑን በጣታችሁ አድቃችሁ በአንድ ጭልፋ ትኩስ መረቅ ውስጥ ዘፍዝፉት። ሌላው መረቅ ሌላ ምድጃ ላይ ሆኖ እየተነነ ይቆይ። ቀዝቃዛ መረቅ መጥበሻው ውስጥ ከገባ ፓስታው በሙቀቱ ሳይበስል ዱቄቱን እየለቀቀ ይቆያል።

ደረጃ 5፦ አሊዮሊውን አሁኑኑ ምቱ

አሊዮሊ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ነው። ከፊዴዋው ጎን ይቀርባል። ፓስታው ከገባ በኋላ እጃችሁ ባዶ አይሆንም፤ ስለዚህ አሁን ጨርሱት።

3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ከቁንጥር ጨው ጋር ሙቀጫ ውስጥ ክሬም እስኪመስል ውቀጡ። የወይራ ዘይት በጠብታ ጨምሩ፤ አዎ፣ በጠብታ። ዘነዘናውን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አዙሩ። ዘይቱ ሲዋሃድ ሌላ ጠብታ። ሲወፍርና ሙቀጫውን ገልብጣችሁት እንኳ የማይወርድ ሲመስል አበቃ። ክንድ ያደክማል፤ ዶሮ ወጥ ሽንኩርት ያቁላላ ሰው ግን አይፈራውም።

ከተለያየና ዘይቱ ከላይ ከተንሳፈፈ አትጣሉት። ሌላ ሳህን ውስጥ አንድ የእንቁላል አስኳል አድርጉና የተበላሸውን በእሱ ላይ በጠብታ እያዋሃዳችሁ መልሱት። ጽኑዎቹ «እንቁላል ከገባ አሊዮሊ አይባልም» ይላሉ። አይባል፤ ይበላል።

ደረጃ 6፦ የባሕሩን ጥበሱና አውጡ

ከዚህ በኋላ ማቆም የለም። ሁሉም ነገር አጠገባችሁ ይሁን፦ ቲማቲሙ ተፈቅፍቆ ልጣጩ ተጥሎ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ ፓፕሪካው ማንኪያ ላይ ተሰፍሮ፣ ፓስታው ተመዝኖ፣ መረቁ ትኩስ ሆኖ።

1. 100 ሚሊ ሊትር ዘይት መጥበሻው ላይ አግሉ። መካከለኛ እሳት።
2. ሲጋላውንና ሙሉዎቹን 4 ሽሪምፖች በአንድ ወገን 1 ደቂቃ፣ በሌላው ወገን 1 ደቂቃ ጥበሱ። አውጧቸው።
3. ራፔውን በጉርሻ ልክ ቆርጣችሁ ጨው ነስንሱበት፣ 2 ደቂቃ አገላብጡት። አውጡት።
4. የተላጡት ሽሪምፖች አይጠበሱ። መጨረሻ ላይ ጥሬያቸውን ይገባሉ።

ዘይቱን አትድፉት፤ ጣዕሙ እሱ ላይ ነው። ዓሣው ውሃ አውጥቶ መንተክተክ ከጀመረ መጥበሻው አልጋለም ወይም ዓሣው አልደረቀም ነበር። አውጡት፣ ውሃው ይትነን፣ እንደገና ጀምሩ።

ደረጃ 7፦ ቲማቲሙና ያቺ 10 ሰከንድ

እሳቱን ቀንሱ። ነጭ ሽንኩርቱን አግቡ። ጠርዙ ወርቃማ መሆን ሊጀምር ሲል ቲማቲሙን ጨምሩ። ነጭ ሽንኩርቱ ከጠቆረ ይመርራል፤ አውጥታችሁ ሌላ ክተፉ።

ቲማቲሙን 8 ደቂቃ ያህል አብስሉት። መድረሱን በማንኪያ እዩ። ማንኪያውን መጥበሻው ሥር ጎትቱት። መንገዱ ተከፍቶ ውሃ ሳይሞላው ከቆየ፣ ዘይቱም ከዳር ከዳር ከተለየ፣ በስሏል። «ቁሌቱ ዘይቱን ተፋ» የምንለው ዓይነት ነው። ሳይደርስ ከቀጠላችሁ ፊዴዋው ጎምዛዛ ይሆናል።

አሁን ፓፕሪካው። ከእሳቱ ይልቅ እጃችሁ ይፍጠን።

1. መጥበሻውን ከእሳቱ አንሱት።
2. ፓፕሪካውን በትኑ።
3. 10 ሰከንድ አማስሉ።
4. ወዲያው አንድ ጭልፋ መረቅ ድፉበት።

ፓፕሪካ ስኳር አለው፤ በጋለ ዘይት ላይ ወዲያው ያርራል። ከቀይ ወደ ቡናማ ከሄደ፣ የሚቆጠቁጥ ሽታም ከመጣ፣ አርሯል። መድኃኒት የለውም። መጥበሻውን አጥባችሁ ከነጭ ሽንኩርቱ ጀምሩ። 10 ደቂቃ ማጣት 4 ሰው የማይበላው ምግብ ከመሥራት ይሻላል። እኔ አንድ ጊዜ «ምናልባት አይታወቅም» ብዬ ቀጠልኩ። በመጀመሪያው ጉርሻ ታወቀ።

ደረጃ 8፦ ፓስታውና መረቁ

1. መጥበሻውን ወደ መካከለኛ እሳት መልሱ። ያቺ ጭልፋ መረቅ ትድረቅ።
2. 400 ግራሙን ፓስታ አግቡና 2 ደቂቃ በቁሌቱ አገላብጡት። እያንዳንዱ ፍሬ ዘይት ይንካው፣ ይቅላ።
3. በማንኪያ ጀርባ እኩል ዘርጉት። ጠርዝ ድረስ።
4. ትኩሱን መረቅ 1.2 ሊትር ጨምሩ። ሳፍሮኑንም አብራችሁ። ቀሪዋን 300 ሚሊ ሊትር ትኩስ አድርጋችሁ ያዙ።
5. አንድ ጊዜ መጥበሻውን በሁለቱ ጆሮዎች ይዛችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ማንኪያውን አስቀምጡ።

ማንኪያውን አስቀምጡ ስል ከአጠገባችሁ አርቁት ማለቴ ነው። ፓስታ በተማሰለ ቁጥር ዱቄቱን ይለቃል፤ መረቁ ይወፍራል፤ የወፈረ መረቅ አይተንም፤ ከሥር ይይዛል። ገንፎ ስታገነፉ የምታማስሉት ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እዚህ የምንሸሸው ያንኑ ነው።

ደረጃ 9፦ ሰዓት ያዙ

ከ0 እስከ 5ኛው ደቂቃ፦ ኃይለኛ እሳት። መጥበሻው በሙሉ ይፍላ። የውሃው ሙከራ ላይ ጠርዙ ያልፈላላችሁ፣ በየ2 ደቂቃው መጥበሻውን ሩብ ዙር አዙሩት፤ ጠርዙንም ወደ እሳቱ ገፋ አድርጉት።

ከ5ኛው እስከ 11ኛው፦ መካከለኛ። ፓስታው ከመረቁ ብቅ ማለት ይጀምራል። 8ኛው ላይ ራፔውንና የተላጡትን ሽሪምፖች በየቦታው አስቀምጡ፣ ጫን አድርጉ። ሜርሉሳ ወይም ዶራዳ የተጠቀማችሁ 10ኛው ላይ ይሁን።

11ኛው ላይ አንድ ፍሬ ከመሐል፣ አንድ ከጠርዝ አውጥታችሁ ንከሱ። መሐሏ ትንሽ ጠንከር ያለች፣ ግን ነጭ ነጥብ የሌላት መሆን አለባት። ጥሬ ከሆነና መረቁ ካለቀ ከያዛችሁት 300 ሚሊ ሊትር ግማሹን ጥሬ ወደሆነው ወገን አፍስሱ።

ከ11ኛው እስከ 13ኛው፦ ሲጋላውንና ሙሉዎቹን ሽሪምፖች ከላይ ደርድሩ። መረቁ ወደ ማለቁ ነው። ድምፁን ስሙ። ሲፈላ የነበረው «ቡል ቡል» ቆሞ ቀጭን የመጥበስ ድምፅ ይመጣል፤ ቆሎ ሊፈነዳ ሲል እንደሚያንሾካሹከው።

የመጨረሻዋ 1 ደቂቃ፦ እሳቱን ከፍ አድርጉ። ሥሩ ላይ ሶካራት የሚሏት ቅርፊት የምትይዘው አሁን ነው። አፍንጫችሁን አምጡ። የተጠበሰ ዳቦ ሲሸት አጥፉ። የሚቆጠቁጥ ሽታ ካለ ዘግይታችኋል።

ፓኬቱ ላይ ያለው የመቀቀያ ጊዜ ከዚህ ከተለየ ፓኬቱን እመኑ፤ ደቂቃዎቹን በዚያው ልክ አሳጥሩ ወይም አስረዝሙ።

ደረጃ 10፦ ይረፍ

አውርዱና 5 ደቂቃ ተዉት። በንጹሕ ጨርቅ ልትሸፍኑት ትችላላችሁ። ክዳን አትጠቀሙ፤ ላቡ ተመልሶ ይንጠባጠብበታል።

በእነዚህ 5 ደቂቃዎች የቀረችው መረቅ ትገባለች፣ ቅርፊቷም ከመጥበሻው ትላቀቃለች። ከ10 ደቂቃ በላይ ግን ማቆየት አይቻልም። «እንግዳ እስኪመጣ ሠርቼ ላስቀምጥ» የሚባል ነገር ፊዴዋ አያውቅም። እንግዳው ይጠብቅ። በሐበሻ ሰዓት የሚመጣ ከሆነ ደግሞ መረቁንና አሊዮሊውን ጨርሳችሁ ቁሙ፤ ፓስታውን በር ሲንኳኳ አግቡ።

ሲበላሽ

ፓስታው በስሎ መረቅ ተረፈ። እሳቱን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጉ፣ 2 ደቂቃ ስጡት። አሁንም ካለ በጭልፋ ከጠርዙ ቅዱት። ያለ ሀፍረት ቅዱት፤ እንዲያ እየጠበቃችሁ ፓስታው ከሚላሽቅ።

መረቅ አልቆ ፓስታው ጥሬ ነው፣ የተያዘውም መረቅ አልቋል። የፈላ ውሃ በትንሽ በትንሹ፤ በአንድ ጊዜ ከ100 ሚሊ ሊትር አይብለጥ። ቀዝቃዛ ውሃ በጭራሽ።

ሥሩ አረረ። አትፋቁት፣ አታማስሉት። ከላይ ያለውን በዝርግ ማንኪያ ቀስ ብላችሁ ወደ ትሪ ገልብጡ። አንድ ጥቁር ፍሬ እንኳ ካማሰላችሁ ሁሉንም ታሸታለች።

መሐሉ በስሎ ጠርዙ ጥሬ ነው። የምድጃ ነገር ነው። ጠርዙ ላይ 3 የሾርባ ማንኪያ ትኩስ መረቅ አርከፍክፉ፣ በፎይል ሸፍናችሁ በ200 ዲግሪ የጋለ ኦቭን ውስጥ 4 ደቂቃ አቆዩት። ኦቭን ከሌላችሁ ፎይሉን ሸፍናችሁ የጠርዙን ወገን በየተራ እሳቱ ላይ ያዙት።

ጨው በዛ። ሎሚ ከጎኑ አቅርቡ፤ አሊዮሊውንም ያለ ጨው ሌላ ምቱ። ከዚህ በላይ አይድንም።

ሁሉም ደህና ሆኖ ጣዕም የለውም። መረቁ ነው። ለዛሬ አሊዮሊው ይሸፍንላችኋል። በሚቀጥለው ዓሣውን አብዙ እንጂ ሽሪምፑን አታብዙ።

ማዕድ ላይ

መጥበሻውን እንዳለ ጠረጴዛው መሐል አስቀምጡ። ቫሌንሲያዎች ፓኤላቸውን ቤተሰብ ሲሆኑ እንደኛ ትሪ ይከቡታል፤ ሁሉም ማንኪያ ይዞ ከፊቱ ካለው ይበላል፣ ወደ ጎረቤቱ አይሻገርም። አሊዮሊውን በፊዴዋው ላይ አትቀቡት። በማንኪያ ጫፍ ከጎን ይነካል፤ ምንም የማይፈልግም ይኖራል።

ቅርፊቷን በእንጨት ማንኪያ ፋቁ፣ ለሁሉም አካፍሉ። እኛ ቤት ለዚህች ነው የሚጣሉት።

ከተረፈ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት፤ በማግስቱ በደረቅ መጥበሻ ላይ በትንሽ ዘይት አድርቃችሁ አሙቁት። ያኔ ሌላ ምግብ ነው የሚሆነው፣ ግን ከቡና በፊት አይጠላም። መጥበሻው ያልተለበጠ ብረት ከሆነ ደግሞ ማታውኑ እጠቡት፣ እሳት ላይ አድርቁት፣ ጠብታ ዘይት ቀብታችሁ ስቀሉት። ማድረቂያ ላይ ትታችሁት ከተኛችሁ ጠዋት ዝጎ ታገኙታላችሁ።